የጋሼ ኢስኮ የዛጎል መስኮት

የጋሼ ኢስኮን ማረፍ የሰማሁት እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላጥፍ፣ በቤተ ክርስቲያናችን መኪና ማቆሚያ ቆሜ ነው። ስልኬን ስከፍት ፐርዝ ከምትኖረው ልጃቸው ከማሪሴል አጭር መልእክት ደርሶኛል። «አባባ ዓርብ ጠዋት ተኝተው እንዳሉ ሄዱ። አልተሰቃዩም። ላንቺ የተዉት ነገር አለ፣ መኪናሽ ትልቅ ነው?» ይላል። አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ፈገግ አልኩ። አባትና ልጅ አንድ ናቸው። ሞትንም ዕቃ ማጓጓዝንም በአንድ ትንፋሽ ይናገራሉ።

የማኅበራችን እናት እትዬ የሺ አጠገቤ ነበሩ። ፊቴን አይተው «ምነው፣ ከአገር ቤት ነው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ። ጋሼ ኢስኮ አረፉ።»

«የመብራት ሽፋኑ ሰውዬ?»

«አዎ፣ እሳቸው።»

እትዬ የሺ አማተቡ። «ነፍስ ይማር። እኔ እኮ በእሳቸው ሰበብ የፈረንጅ አሮጌ መብራት ስሸከም ከረምኩ» አሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ።

ጋሼ ኢስኮ የፊሊፒንስ ሰው ነበሩ። እኛ ለታላቅ ሰው ጋሼ እንደምንል እነሱ «ማንግ» ይላሉ፤ ኢስኮ ደግሞ ፍራንሲስኮ የሚለው ስማቸው ሲቆላመጥ ነው። «ማንግ» ማለቱ አፌ ላይ አልመጣ ስላለኝ ገና በትውውቃችን ጋሼ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው በጣም ወደዱት። ከዚያ ወዲያ ስልክ ሲደውሉልኝ «ጋሼ ነኝ» ይሉኝ ጀመር። ሰው ራሱን ጋሼ አይልም ብዬ ለማረም አንጀቴ እንቢ አለኝ፤ እንደዚያው ቀረ።

ያኔ፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ አጋማሽ፣ ሜልበርን ከተማ፣ ሜድስቶን ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ በኬረርነት፣ በተንከባካቢነት፣ እሠራ ነበር። ሺፍቴ ከሰዓት በኋላ ነው። የጋሼ ኢስኮ ባለቤት እትዬ ኔና እዚያ ይኖሩ ነበር፤ የመርሳት ሕመም ነበረባቸው። ጋሼ ኢስኮ መኪና አይነዱም። በየቀኑ ምሳቸውን በልተው ከሚኖሩበት ከሴንት አልባንስ ባስ ይዘው ይመጣሉ። አጠር ቀጠን ያሉ፣ ሸሚዛቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፉ፣ ከቀርከሃ ስንጥር የተሠራ ዘንቢል ከእጃቸው የማይለይ፣ ከሰው በፊት የቤት ዕቃውን ሰላም የሚሉ ሰው ነበሩ። ቀልዴን አይደለም። አንድ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ እጃቸውን ከጠረጴዛው ሥር ሰደድ አድርገው መጋጠሚያውን ይዳብሱታል።

«ምን ጠፍቶብዎት ነው ጋሼ?» ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

«ሠሪውን እየፈለግሁ ነው» አሉኝ። «ከላይ ያለው ቀለም ነው፤ ቀለም ማንም ይቀባል። ሰውየውን የምታገኚው ከሥር ነው።» ትንሽ ዳበሱና እጃቸውን አውጥተው ጠረጉ። «እዚህ ግን ሰው የለም። ሙጫ ብቻ ነው።»

እኔን «አናክ» ይሉኝ ነበር፤ ልጄ ማለት ነው። ጾም ላይ መሆኔን ካወቁ ከዘንቢላቸው በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ የሩዝ ምግብ ያወጡልኛል። «እንቁላል የለው፣ ወተት የለው፣ ቅቤ የለው። ሩዝና ኮኮናት ብቻ ነው። ቆሜ ነው የጠበቅሁት» ይላሉ፣ ሩዙ ዘወር ሲሉ ጠብቆ ሥጋ ሊነካ የነበረ ይመስል። እሳቸው አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው። «ያንቺም እመቤት የኔም እመቤት አንድ ናት፤ እኔና አንቺ የምንለያየው ምሳ ሰዓት ላይ ብቻ ነው» ብለው ይስቃሉ።

የእትዬ ኔና ችግር ማምሻ ላይ ነበር። ቀን ቀን እጃቸውን ስይዝላቸው መልሰው የኔን እጅ የሚደባብሱ፣ ጸጥ ያሉ ሴት ናቸው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ግን ከወንበራቸው ይነሣሉ። መጀመሪያ የክፍላቸውን መስኮት፣ ከዚያ የኮሪደሩን፣ ከዚያ የመመገቢያ ክፍሉን በሁለት እጃቸው ይዘው ይታገላሉ። መስኮቶቻችን ለደኅንነት ሲባል ከአንድ መዳፍ በላይ አይከፈቱም። እትዬ ኔና ይጎትታሉ፣ ይገፋሉ፣ መስተዋቱን በመዳፋቸው ይመታሉ፣ በቋንቋቸው እየጮኹ ያለቅሳሉ። ስንይዛቸው ይብስባቸዋል። ጋሼ ኢስኮን ምን እያሉ እንደሆነ ስንጠይቃቸው «'ቤቱ፣ መሸ፣ ቤቱ' ነው የምትለው» አሉን። ከዚህ ሌላ ምን ትርጉም ይወጣል? ወጥተው ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ፈልገው ነው አልን። ሁላችንም ያልነው ይህንኑ ነው፤ ባለቤታቸውም ጭምር።

አንድ ማምሻ እትዬ ኔና መስኮት ሥር የተቀመጡ አንዲት አሮጊት አላሳልፍ አሉኝ ብለው ገፈተሯቸው። ሴትዮዋ ወድቀው የእጃቸው አንጓ ተጎዳ። ማኔጀራችን ሊን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን የወደቁትም ሴትዮ ልጆች አሏቸው። ጋሼ ኢስኮን ጠርታ ስታነጋግራቸው እኔም ነበርኩ። ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ወዲያ ማዶ ጫፍ፣ በሩ የሚቆለፍ ልዩ ክፍል ያለው መጦሪያ እንዳለ ነገረቻቸው።

«እስከ ክረምቱ ማብቂያ እንጠብቅ» አለቻቸው። «ካልተሻለ ግን መዘዋወር ይኖርባቸዋል። ሌላ መንገድ ብታገኙ እኔም ደስ ይለኛል።»

ኮሪደር ላይ ስንወጣ ጋሼ ኢስኮ «እዚያ ለመድረስ ስንት ባስ ነው?» አሉኝ። ስልኬ ላይ አየሁላቸው። ባስ፣ ባቡር፣ ሌላ ባቡር፣ እንደገና ባስ። የግድግዳውን ጠርዝ በጣታቸው ሲከተሉ ቆዩ።

«በሳምንት አንዴ ይሆናላ እንግዲህ» አሉ በመጨረሻ። «በሳምንት አንዴ ካየችኝ ግን ልርሳው ብላ ሳይሆን ሳታውቀው ትረሳኛለች፣ አናክ። አሁን የምታውቀኝ እኮ በየቀኑ እየመጣሁ ስለማስታውሳት ነው።»

ውዳሴ ማርያሜን ስደግም በስማቸው እጸልያለሁ አልኳቸው። «እሱን አትተዪ» አሉኝ፤ «እኔ ደግሞ እንጨት እፈልጋለሁ።»

በማግሥቱ እትዬ ኔና ክፍል ውስጥ ወደ ምዕራብ የሚያየውን መስኮት ፊት ለፊት ቆመው አገኘኋቸው። ሚስታቸው የሚታወኩት በብርሃኑ ነው ብለው ወስነዋል። የክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትገባ እውነትም ዓይን ታጠፋለች። «ይኸ መስተዋት ብርሃኑን ሳያለሰልስ ነው የሚወረውርባት» አሉኝ። «እሷ እንዲህ ያለ ብርሃን አታውቅም። እሷ ያደገችው በዛጎል ብርሃን ነው።»

እትዬ ኔና በልጅነታቸው የኖሩት አክስታቸው ቤት ነበር። ቤቱ ታችኛው ድንጋይ፣ ላይኛው እንጨት፣ ላይኛውን ዙሪያውን የሚከበው ደግሞ በቦይ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት መስኮት ነው። መስተዋት የለውም። እነሱ አገር ጥልቀት በሌለው ባሕር ጭቃው ላይ የሚገኝ፣ ጠፍጣፋ፣ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ዛጎል አለ። ይታጠብና በአራት ማዕዘን ተቆርጦ በእንጨት ፍርግርግ ውስጥ ይሰካል። ብርሃኑን ያሳልፋል፤ የፀሐዩን ንዳድ ግን ውጭ ያስቀረዋል። ጋሼ ኢስኮ ወጣት አናጢ ሳሉ ማዕበል የሰበረውን የዚያን ቤት መስኮት ሊጠግኑ ሄደው ነው እትዬ ኔናን ያገኟቸው። «አንድ ዛጎል እቀይራለሁ፣ አንዴ ወደ እሷ አያለሁ» አሉኝ። «ሥራው በጣም ረዘመ። አክስትየዋ ሰነፍ አናጢ አመጡብኝ ብላ ነበር።»

መስኮት ልሥራላት ብለው ለሊን ሲነግሯት ሊን ወደኔ አየች። «ግድግዳው ላይ ምንም ነገር መምታት አይቻልም። አንድ ሚስማር፣ አንድ ብሎን እንኳ» አለች።

ጋሼ ኢስኮ ፊታቸው በራ። «ሚስማር ማን ጠየቀሽ?» አሏት።

አሠራራቸው እንደዚያ ነው። እንጨቱን በእንጨት ያጠላልፉታል፣ መጋጠሚያውን በቀጭን የቀርከሃ ችካል ይቆልፉታል፤ ብረት አይነካውም። ፍሬሙም መስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በአራቱም ጎን በሽብልቅ ተወጥሮ ይቆማል። ግድግዳው አይበሳም። ሊን ራሷን ነቀነቀችና «ካልወደቀ ይሁን» አለች።

ዛጎሉን ሜልበርን ላይ ከየት እናምጣ? እሱን የፈቱት ራሳቸው ናቸው። ከዓመታት በፊት ከዚያው ዛጎል የተሠራ የመብራት ሽፋንና ነፋስ ሲነካው የሚንቀጫቀጭ ጌጥ እዚህ አገር ፋሽን ነበር አሉ፤ አሁን ፈረንጁ ሰልችቶት ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥበት ኦፕ ሾፕ ጥሎታል። እኔም ነገሩን ለማኅበራችን ሴቶች አወራሁ። እትዬ የሺ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አሮጌ የመብራት ሽፋን ሰብስቢ ብሎ ያዘዘሽ የትኛው የንስሐ አባት ነው?»

«ለታመሙ ሴትዮ መስኮት ሊሠራበት ነው እትዬ።»

«ከመብራት ሽፋን መስኮት? ከመስኮቱ ደግሞ ምን ሊሠሩ ነው፣ በር?»

እንዲህ ያሉት ሴትዮ በሚቀጥለው እሑድ የመኪናቸውን የኋላ ኮፈን ከፍተው አቧራ የጠጡ የዛጎል መብራቶች ተደራርበው አሳዩኝ። «ከፉትስክሬይ እስከ ዌሪቢ አንድም አላስቀረሁም» አሉ። «ልጄ ደግሞ የነካኝ መስሏት 'ማም፣ ኧር ዩ ኦኬ?' ትለኛለች።»

እነዚያን ይዤ ሴንት አልባንስ ጋሼ ኢስኮ ጋራዥ ገባሁ። የክረምት ጋራዥ፣ ቀዝቃዛና እርጥብ። ልብስ ማጠቢያው ገንዳ ውስጥ ቀርከሃ በጨው ውሃ ተዘፍዝፏል፤ ነቀዝ እንዳይበላው ነው። በሌላ ባልዲ ዛጎሎቹ በሆምጣጤ ውሃ ተነክረው ይለሰልሳሉ። ጋሼ ኢስኮ አንዱን አውጥተው ጠረጉና በቆርቆሮ መቀስ ክቡን አራት ማዕዘን አደረጉት። ወደ መብራቱ ከፍ አድርገው አሳዩኝ። በውስጡ ብርሃን ሲያልፍ ወተት ውስጥ የገባ ማር ይመስላል።

እንጨቱ ሰው አውጥቶ መንገድ ዳር ከጣለው፣ ዝናብ ከዘነበበት አሮጌ አልጋ የመጣ ነው። በመሮና በመላጊያ ከሠሩት በኋላ ከካርቶን ውስጥ ደረቅ ቅጠል አውጥተው እንጨቱን ያሹት ጀመር።

«ምንድነው ጋሼ?»

«የበለስ ቅጠል ነው። የማልታዊው ጎረቤቴ አጥር ላይ አለ፤ በበጋ ሰብስቤ አደርቀዋለሁ። እኛ አገር እንደ ብርጭቆ ወረቀት የሚሻክር ቅጠል አለን፣ ከሱ ጋር ዘመድ ነው። ወረቀቱ እንጨቱን ይቧጭረዋል፣ ቅጠሉ ግን ያባብለዋል።»

«አዳም የበለስ ቅጠልን ለሌላ ሥራ ነበር የተጠቀመበት» አልኳቸው።

«አዳም አናጢ ስላልነበረ ነው» አሉ ሳያቋርጡ።

የዚያን ቀን አንድ ነገር ትንሽ አስደነገጠኝ። ጥግ ላይ የእመቤታችን ምስል ቆሟል፤ ፊቷና እጆቿ ከእንጨት የተቀረጹ፣ ልብሷ እውነተኛ ጨርቅ። አቧራውን ሊያራግፉ ልብሱን ሲገልጡት ከሥሩ አካል የለም። እንደ ወፍ ጎጆ የተያያዘ ባዶ የእንጨት ርብራብ ብቻ ነው። እኛ ሥዕል እንጂ ቅርጽ አለመድንም፤ ወደ ኋላ አልኩ፣ አማተብኩም። ጋሼ ኢስኮ አልተቀየሙኝም።

«እኛ ጋ እንዲህ ነው የሚሠራው» አሉኝ ልብሱን ቀስ ብለው እየመለሱ። «ጠራቢው ድካሙን ሁሉ ፊቷና እጇ ላይ ያውለዋል። ሌላውን ልብስ ይሸፍነዋል። ፊት ካለ ታይሻለች፤ እጅ ካለ ትቀበልሻለች። ሌላው ባይኖርም ግድ የለም።» ከዚያ «ኔናም አሁን እንደዚያው ናት» አሉ። መኪና እየነዳሁም ጭንቅላቴ ውስጥ ያ ቃል እየተመላለሰ ዋይንድሃም ቬል ቤቴ ደረስኩ።

ፍሬሙ ሲያልቅ በእኛው የጥገና ሠራተኛ መኪና አመጣነውና ጋሼ ኢስኮ ገጠሙት። አራቱን ሽብልቆች በእንጨት መዶሻ ቀስ በቀስ ሲያጠብቁ የመጦሪያው ሰው ሁሉ በር ላይ ተሰብስቦ ነበር። የምሽቱ ፀሐይ በዛጎሎቹ ሲያልፍ አልጋውም ግድግዳውም ለሰለሰ። እትዬ ኔና ግን አንዴ አየት አድርገው ወደ ኮሪደሩ መስኮት ሄዱና እንደ ሁልጊዜው መታገል ጀመሩ።

«ጊዜ ስጧት» አሉ ጋሼ ኢስኮ። ድምፃቸው ግን አልጠነከረም።

ሳምንት ሳይሞላ ፍሬሙ ወደቀ። ደግነቱ እትዬ ኔና ምሳ ላይ ነበሩ፤ የተሰበሩት ጥቂት ዛጎሎች ብቻ ናቸው። ሊን መጥታ አየችና «ሰው ላይ ቢሆንስ?» አለች፤ ይውጣ አለች። ማንም ልክ አይደለሽም ሊላት አይችልም።

ጋሼ ኢስኮ ወለሉ ላይ ተንበርክከው የእንጨቱን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ለኩት፣ አሸተቱት። ከዚያ እጃቸውን ሂተሩ ላይ አደረጉ። ሂተሩ ቀንና ሌሊት ይሠራል።

«የኔ ጥፋት ነው» አሉ። «እኛ አገር አየሩ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ እንጨት ያብጣል እንጂ አይሸሽሽም። ዕድሜዬን ሁሉ የሠራሁት ለሚያብጥ እንጨት ነው። ይኸ ግን ከእርጥብ ጋራዥ አምጥቼ ደረቅ ክፍል ስከተው ተኮማትሮ ሸሸኝ። ክፍሉን ሳይለምድ ነው ያቆምኩት።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ይልመድ። እዚሁ ይተኛ።»

ሊንን እኔ ለመንኳት። ሳይገጠም፣ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተደግፎ ብቻ እንዲቆይ። «ተደግፎ የቆመ እንጨት ሕግ አይከለክልም» አለች፤ «ግን ሰው እንዳያደናቅፍ።» እናም እንጨቱ እትዬ ኔና ክፍል ውስጥ እንደ አስታማሚ ከረመ። ጋሼ ኢስኮ በመጡ ቁጥር መጀመሪያ ሚስታቸውን ግንባራቸውን ይስማሉ፣ ቀጥለው ከቁም ሣጥኑ ጀርባ እጃቸውን ሰደው ፍሬሙን ይዳብሳሉ። «እንዴት ነው?» እላቸዋለሁ። «ገና ይናፍቃል» ይሉኛል።

ጾመ ፍልሰታ ሲገባ «አሁን ረጋ» አሉኝ። አዲስ ሽብልቅ ጠርበው እንደገና ገጠሙት። ሊን ማንንም አላመነችም፤ ራሷ ጫማዋን አውልቃ ፍሬሙን በሁለት እጇ ጨብጣ ሰውነቷን ሁሉ ጥላበት ተንጠለጠለች። ከበድ ያለች ሴት ናት። እንጨቱ ጭጭ አለ።

«እሺ» አለች ፊቷ ቀልቶ፤ «እንጨቱን በተመለከተ ጥያቄ የለኝም።»

ጥያቄው እትዬ ኔና ላይ ነበር። መስኮቱ ቆሞ፣ ዛጎሉ ተዘግቶ፣ ክፍሉ በዚያ የማር ብርሃን ተሞልቶ፣ እሳቸው ግን ሲመሽ ከክፍላቸው ይወጡና የኮሪደሩን መስኮት ይታገሉ ነበር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ማምሻ ጠበቅን፤ ለውጥ የለም። ሊን የምትወስንበት ስብሰባ ለሰኞ ተቀጠረ፤ ማሪሴልም ከፐርዝ በስልክ ልትገባ ነው። እኔ በየቀኑ ቅዳሴ ባይደርሰኝም ሱባዔ እንደያዘች ሴት ሆኜ ሰነበትኩ፤ ሻወር ሳስገባም፣ አልጋ ሳነጥፍም በልቤ እመቤታችንን እማጠናለሁ።

ዓርብ ዕለት ጋሼ ኢስኮ መጥተው መስኮቱ ሲንሸራተት ይከብዳል አሉ። «ሻማ ካለ ቦዩን ብቀባው ይለሰልስ ነበር።» ቦርሳዬ ውስጥ ያልበራ ጧፍ ነበረኝ። ከቤተ መቅደስ የወጣ እንዳይሆን ደግሜ አሰብኩ፤ ሱቅ የገዛሁት ነው። ሰጠኋቸው። ሁለቱንም የዛጎል መዝጊያዎች ወዲያና ወዲህ ገፍተው መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱትና ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቦዩን በጧፍ ይቀቡ ጀመር። እኔ የሻይ ጋሪዬን በሩ ላይ አቁሜ ነበር። ውጭ ሰማዩ ወደ ብርቱካን ሄዷል፤ የማምሻው ሰዓት መድረሱ ነው። እትዬ ኔና ከወንበራቸው ተነሡ። ይኸው ሊወጡ ነው ብዬ ጋሪውን ገፋሁ።

አልወጡም። የተከፈተውን መስኮት አዩ። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ቁጣ ነበር፣ ግን የእብደት ቁጣ ሳይሆን የቤት ቁጣ። ጋሼ ኢስኮን በጉልበታቸው ገፋ አድርገው አለፏቸው። እጃቸውን መዝጊያው ላይ አሳርፈው ሳይታገሉ፣ ሳይመለከቱት እንኳ፣ አንዱን ከግራ አንዱን ከቀኝ አምጥተው መሐል ላይ አገናኟቸው። ጠቅ ሲል መዳፋቸውን አንዴ አሳረፉበት። ከዚያ ተመልሰው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፣ አማተቡ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ጀመር።

ጋሼ ኢስኮ ጧፉን እንደያዙ ወለሉ ላይ ቀሩ።

«ምን አሉ?» አልኳቸው ቀስ ብዬ።

«'የጸሎቱ ደወል ተደውሎ ማነው ክፍት የተወው?' አለች። 'አክስቴ ሁሉም ሳይዘጋ ጸሎት አትጀምርም' አለች።» ጧፉን ወለሉ ላይ አስቀመጡት። «እሷ ነበረች ለካ የምትዘጋው። ማታ ማታ የቤቱን መስኮት ሁሉ ዞራ የምትዘጋው እሷ ነበረች።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ወራት ሊያመልጡ ነው ስንል፣ ስንይዛቸው፣ ስናባብላቸው፣ እሳቸው ለመውጣት አልነበረም የሚታገሉት። መሸባቸው፤ ቤቱ ክፍት ነው፤ የእኛ መስኮት ደግሞ እንደሚያውቁት አይንሸራተትም፣ አይዘጋላቸውም።

«እርስዎ ቤቱን ያውቁት ነበር እኮ ጋሼ» አልኳቸው። ለመውቀስ አልነበረም።

«አናጢ ነበርኩ» አሉኝ። «ሳይመሽ ዕቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። መስኮቶቹን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። ሲመሽ ግን አንድም ቀን እዚያ አልነበርኩም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልማድ አበጀን። ምሳ ካለፈ በኋላ የሺፍቱ ሰው መስኮቱን ወለል አድርጎ ይከፍተዋል፤ ሲመሽ እትዬ ኔና ይዘጉታል። ከዚያ ክንዳቸውን ይዘን ኮሪደሩን እንዞራለን። እያንዳንዱ መስኮት ጋ መጋረጃውን አብረን እንስባለን፤ «ተዘግቷል» እላቸዋለሁ በአማርኛ፤ እሳቸውም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ወደሚቀጥለው ያልፋሉ። ሰኞ ስብሰባው ላይ ሊን እንድናገር ስትጠይቀኝ ብዙ ማለት አላስፈለገኝም፤ እሑድ ማታ ራሷ መጥታ አብራቸው ዞራ ነበር። «የትም አይሄዱም» አለች። ማሪሴል በስልኩ ውስጥ ስታለቅስ ይሰማ ነበር። ጋሼ ኢስኮ እጃቸው ከስብሰባው ጠረጴዛ ሥር ነበር።

እትዬ ኔና ከዚያ በኋላም የሚቀጥለውን ክረምት አይተው፣ በዚያው ክፍል፣ ባለቤታቸው እጃቸውን እንደያዙ አረፉ። እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ጋሼ ኢስኮን በስማቸው ይጠሯቸው ነበር። ከዚያ ጋሼ ኢስኮ የመስኮቱን ሽብልቅ ፈትተው ወደ ሴንት አልባንስ ወሰዱትና ቤታቸው ገጠሙት። ሥራ ቀይሬ ከሄድኩም በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ጨዋታችንን አቋርጠው ይነሡና «ቆይ፣ መሸ» ብለው ይዘጉታል። «እሷ ትቆጣኛለች» ይላሉ።

ለእኔ የተዉት ነገር ምን እንደሆነ እንግዲህ ማሪሴል ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ቫን ተዋሰ፤ በብርድ ልብስ ጠቅልለን ዋይንድሃም ቬል አመጣነው። ሳሎናችን ወደ ምዕራብ የሚያይ ትልቅ መስኮት አለው። ባለቤቴ ሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ «ትንሽ ጠርበን ብናስገባው ዛሬውኑ ይገጠማል» አለ።

«አይሆንም» አልኩት።

እጄን ከፍሬሙ ሥር ሰድጄ መጋጠሚያውን ዳበስኩት። የቀርከሃው ችካል ጫፍ እንደ ሕፃን ጥፍር ለስልሷል። ሰውየው እዚያው ነበር።

ግድግዳው ላይ አስደግፈነው ይኸው ሳምንታት አለፉ። ሴት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ለምን እንደማንገጥመው ገርሟት «ማሚ፣ ዋይ ዶንት ዩ ጀስት ፑት ኢት አፕ?» ትለኛለች።

«ገና ነው የኔ ልጅ» እላታለሁ፤ «ቤቱን ይልመድ።»